«ዛሬ አልተማርንም፤ ስዕል ነው የሳልነው»

(ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት በቅዳሜ ጠዋት በጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ወላጆች ያነሷቸውን ጥያቄዎችም መጨረሻ ላይ ጨምሬአለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ሙቀቱ ሳይበረታ እንድንጨርስ ቶሎ ልጀምር። የቅዳሜ ገበያችሁንና የቤት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ አባቶች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

እኔ የትንንሽ ልጆች መምህር ነኝ። ከኦ ክፍል እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ነው የማስተምረው። ስዕል፣ እጅ ሥራ፣ መዝሙርና ጨዋታ የኔ ነው። ልጆቻችሁ ቀለም ነክቷቸው ወደ ቤት ሲመጡ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ዛሬ ምን እንደምናገር ስጨነቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በር ላይ የሰማሁት አንድ ነገር ገላገለኝ። ልጆች የሚወጡበት ሰዓት ነው። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ «ዛሬ ምን ተማርክ?» አለችው። «ዛሬ አልተማርንም፤ ስዕል ነው የሳልነው» አላት። እሷም «እሺ፣ ነገስ ትማራላችሁ?» ብላ ይዛው ሄደች።

እናትየውን አልወቅስም። ከሥራ ሮጣ የመጣች ሴት ናት። ልጁም አልዋሸም። ይህን አባባል ከኛ ከትልልቆቹ ሰምቶ ነው የደገመው። ግን ልቤን ነካኝ። ምክንያቱም ያን ቀን ያ ልጅ አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ሲሠራ እንደነበር አይቻለሁ። እናቱ አላየችም። እናንተም የልጆቻችሁን አላያችሁም። እና ዛሬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ስሙን ላጥራ። ይህ ሰዓት ብዙ ስም አለው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ይባላል። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻም አለ። ከዚያ በፊት ሥነ ውበት ይባል ነበር። ወላጆቻችን ደግሞ እጅ ሥራ፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት ብለው ነው የሚያውቁት። አሜሪካ ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክፍሉ መምህር ልጆቹን በተራ ለስዕል መምህር፣ ለሙዚቃ መምህር፣ ለስፖርት መምህር ያስረክባል። እዚህም አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ኢንሪችመንት ይሉታል። እኔ ማበልጸጊያ እለዋለሁ። ብቻ ከማጠናከሪያ ጋር አታምታቱት። ማጠናከሪያ ልጁ ያልገባውን ሒሳብ እንደገና ማስረዳት ነው። እሱም ይጠቅማል። ማበልጸጊያ ግን ለልጁ ሌላ በር መክፈት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ባቡር መሥራት ፈለገ። ከሳምንት በፊት ከዚራ ያለውን አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ልናይ ሄደን ነበር። ከብስኩት ካርቶን ሳጥኑን ቆርጦ አወጣ። መስኮቶቹን ሳለ። ከዚያ ጎማው ላይ ደረሰ።

መቀስ ለኛ ቀላል ነገር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ውስጥ ግን እዩት። አንዱ እጅ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሌላው እጅ ካርቶኑን ይይዛል። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ሥራ እየሠሩ ነው። ዓይን ደግሞ ከመቀሱ ጫፍ ቀደም ብሎ መስመሩን ይጠብቃል። ልጁ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቷል። ትንፋሹን ይዟል።

የመጀመሪያው ጎማ ጥግ ጥግ አወጣ። አየውና «ይሄ አይሽከረከርም» አለ። ለራሱ ነው የሚያወራው። ጣለው። ሁለተኛው በጣም አነሰ። እሱንም ጣለው። ልረዳው እጄን ሰድጄ ነበር፤ መለስኩት። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ሆነ። መቀሱን ማዞር ተወና ካርቶኑን ማዞር ጀመረ። መቀሱ ባለበት ቆመ፤ ክቡ ራሱ ወደ መቀሱ መጣለት። ማንም አልነገረውም። ትከሻው ሲወርድ፣ ትንፋሹ ሲለቀቅ አየሁት። ክብ ጎማ ወጣ።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ያንን ጎማ ሌላ ካርቶን ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዞረው። ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ነዋ። መለካት የሚባለው ይኸው ነው። ማስመሪያ ገና አያውቅም። ግን አንድን ነገር በሌላ ነገር መለካት እንደሚቻል ገብቶታል።

አሁን ይህንን ከፊደል ጋር አያይዙልኝ። መቀሱን የሚይዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት እርሳስ የሚይዙትም ናቸው። ብዙ እናቶች «ልጄ ሰነፍ ነው፤ ሦስት መስመር ጽፎ ይተወዋል» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም። እጁ ደክሞት ነው። ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም። ሊጥ ያቦካ፣ ጭቃ የጠፈጠፈ፣ ካርቶን የቆረጠ እጅ ሦስት መስመር አያደክመውም።

ዓይኑም እንደዚያው። የኛ ፊደል ለዓይን ከባድ ነው። «ቡ» ላይ ቅጥሏ፣ ያቺ ትንሽ ጭረት፣ ወገቡ ላይ ናት። «ቢ» ላይ ወደ እግሩ ትወርዳለች። «ባ» ላይ አንዱ እግር ያጥራል። ለትልቅ ሰው ግልጽ ነው። ለልጅ ግን ሁሉም ያው አንድ ቤት ነው የሚመስለው። የባቡሩ መስኮት ከበሩ ዝቅ ይበል ከፍ ይበል ብሎ አምስት ደቂቃ ያሰበ ልጅ፣ የፊደሏን ቅጥል ለማየት ዓይኑ ተዘጋጅቷል።

ስለ ጣቢያው ጉብኝት አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ ያለ ባቡሩ ድሬዳዋ አትሆንም ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው ብዙም አልሰሙኝም። አንዲት ልጅ ግን ቁጢጥ ብላ «ቲቸር፣ ሐዲዱ ለምን እዚህ ጋ ተቆረጠ?» አለች። በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለውን ክፍተት ነው ያየችው። ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ፣ ክፍተት ካልተተወለት እንደሚጣመም ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እንደኛ ቤት በር! ቀን ቀን አይዘጋም፣ ማታ ይዘጋል» አለች። የድሬ ልጅ ሙቀትን ከማንም በላይ ያውቃል። ያን ቀን ግን ሙቀቱ ትምህርት ሆነላት።

ቀጥሎ ስለ ቀለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ነው።

ከከተማችን በስተደቡብ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ልጆቹ የጃርት ዋሻ ይሉታል። ተመራማሪዎች እዚያ ዋሻ ውስጥ 40 ኪሎ የሚመዝን የቀለም ድንጋይ አግኝተዋል፤ 4213 ቁራጭ። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የተፈጨበት ድንጋይም አብሮ ተገኝቷል። ግማሽ ጎኗ ቀለም የተነከረች አንዲት ድቡልቡል ጠጠርም አለች። እንደ ማኅተም ሳይጠቀሙባት አልቀሩም ይላሉ።

እስቲ አስቡት። እኛ ባጃጅ ይዘን በምንደርስበት ቦታ፣ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ቁጭ ብለው ቀለም ይፈጩ ነበር።

ይህንን ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ቀለሙን ማን ገዛላቸው?» አለ። ማንም እንዳልገዛላቸው፣ ከመሬት እንዳገኙት ነገርኩት። «ታዲያ እኛስ?» አለ። በቃ፣ ያ ጥያቄ የአንድ ወር ሥራ ሆነ።

በማግስቱ አፈር በላስቲክ ይዘው መጡ። ቀይ አፈር፣ ቡናማ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ከሰልም አመጡ። አንዱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይዞ መጣ። በድንጋይ ፈጩት፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነፉት። አሸዋው እምቢ አለ፤ የፈለገ ቢፈጩት አይልምም። «የኔ ለምን አይሆንም?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ ጎኑ ያለችው ልጅ ከራሷ ቀይ አፈር ግማሹን ሰጠችው። እኔ አካፍሉ አላልኩም።

በውሃ በጥብጠው ሳሉ። አቤት ሲያምር! በማግስቱ ግን ደርቆ፣ ገና ሲነኩት ረገፈ። አንዷ እንባዋ መጣ። «ምን እናድርግ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። አንዱ ስኳር እንጨምር አለ። አንዷ ዱቄት አለች። አንዱ ዘይት አለ። አያቱ ቤት የግራር ሙጫ ያለ አንድ ልጅ ደግሞ ሙጫውን በውሃ አሟሙተን እንሞክር አለ። አንድ ካርቶን ለአራት ከፈልን። አራቱንም ሞከርን። በየግርጌያቸው ስማቸውን ጻፍን፤ ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሙጫ። ከዚያ እስከ ነገ መጠበቅ ነበረብን።

ጠዋት ሲገቡ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ነው ወደ ካርቶኑ የሮጡት። ስኳሩ ላይ ጉንዳን ሰፍሯል። ዘይቱ ካርቶኑን አርሶታል። ዱቄቱ ደህና ነው፤ ግን ሲታጠፍ ይፈረካከሳል። ሙጫው ያዘ። በእጃቸው አሹት፤ አልለቀቀም። ሙጫውን አብዝተን ስንሞክር ደግሞ ቀለሙ ተሰነጣጠቀ። ስለዚህ ስንት ማንኪያ ይበቃል የሚለው ሌላ ሙከራ ሆነ።

ሳይንስ ይኸው ነው እንግዲህ። ገምቶ፣ ሞክሮ፣ ጽፎ፣ አወዳድሮ፣ እስከ ነገ መጠበቅ። ከሁሉም በላይ የምወደው ስኳር እንጨምር ያለው ልጅ የተናገረውን ነው። «የኔ አልሠራም፤ ግን ጉንዳን ስኳር እንደሚወድ አወቅን» አለ። መሳሳቱ አላሳፈረውም። ቀይ እስክሪብቶ በሚገባበት ደብተር ላይ ይህን ማስተማር ይከብዳል። በአፈር ይቻላል።

ወደ መዝሙር እንለፍ። ከኦ ክፍል ልጆች ጋር በጭብጨባ ቃል እንከፍላለን። ድ-ሬ-ዳ-ዋ፤ አራት ፊደል፣ አራት ጭብጨባ። ከ-ዚ-ራ፤ ሦስት። ደ-ቻ-ቱ፤ ሦስት። ቀጥሎ ሳቢያን የሚለውን የሰፈር ስም ስንል ፊደሉና ጭብጨባው ይጣላሉ። ፊደሉ አራት፣ ጭብጨባው ሦስት። «ን» ብቻዋን አትጨበጨብም፤ ከ«ያ» ጋር ተጣብቃ ነው የምትሄደው። የአምስት ዓመት ልጅ ይህንን በጆሮው ካገኘ፣ ማንበብ ሲጀምር ድምፅን ከፊደል ማገናኘት አይቸግረውም። ድምፅን ለይቶ መስማት የንባብ መሠረት ነው።

የኛ ክፍል ደግሞ እንደ ከተማችን ነው። ቤቱ አማርኛ የሚያወራ አለ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ አለ። ቁጥር ስንዘምር በተራ ነው። በኦሮምኛ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እንላለን። በሶማልኛ ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ። አንድ ቀን አንዷ ዘፈኑን አቋርጣ «ለማና ለባ ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?» አለች። ናቸው። ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚሠሩትን ንጽጽር በዜማ ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሶማልኛ የሚያወራው ዝምተኛ ልጅ የክፍሉ መምህር ሆነ፤ ሁሉም ቁጥር የሚጠይቀው እሱን ነው።

የዚህችን ከተማ ልጅ አሊ ቢራን አስታውሱ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ እያለ ነው አፍራን ቀሎ ከሚባለው የድሬዳዋ የባህል ቡድን ጋር መዝፈን የጀመረው። ቡድኑ ውስጥ ሆኖ፣ ታላላቆቹን እያየ ነው ያደገው። በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በአረብኛ ዘፍኗል። እያንዳንዱ ልጅ አሊ ቢራ ይሆናል አልልም። ግን ያን ጊዜ ልጁን አስጠግቶ ቦታ የሰጠው ቡድን ባይኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ስለ ጨዋታ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። አኩኩሉ ስንጫወት አስቡ። «አኩኩሉ!» ሲል «አልነጋም!» ይሉታል። ዓይኑን ለመግለጥ እየጓጓ ይጠብቃል። ያ መጠበቅ ትልቅ ሥራ ነው። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መቆም፣ መስመር አለመርገጥ፣ ተራ መጠበቅ ነው። ክፍል ውስጥ «ዝም በሉ፣ ጠብቁ» እያልን የምንለምነውን ነገር እዚያ ሜዳ ላይ ሳንለምናቸው ይለማመዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ ስክሪን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ስልክ ሰጥተን ዝም የምናሰኛቸውን ሰዓት እንቁጠረው።

አሁን አንድ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ፈተና ደረሰ ተባለና የስዕልና የመዝሙር ሰዓት ለሦስት ሳምንት ለሒሳብ ወረቀት ተሰጠ። ተስማማሁ። ልከራከር እችል ነበር፤ አልተከራከርኩም። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ስትጠየቅ አትመልስም። ስትዘምር ግን ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ የዚያችን ልጅ ድምፅ አንድም ቀን አልሰማሁም። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አለ። ፈተና ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ሰዓት ነው። ወላጅም «ጥሩ ነው፣ ሒሳብ ይማሩበት» ይላል። እባካችሁ አትበሉ። ሌላም አለ። «የቤት ሥራህን ካልጨረስክ ስፖርት አትወጣም» የሚለው ቅጣት። ብዙ ጊዜ የሚቀጣው በጣም መንቀሳቀስ የሚፈልገው ልጅ ነው። ቁጭ ማለት ያቃተውን ልጅ ተጨማሪ ቁጭ በል ማለት ነው።

ለኛ ለመምህራንም እናገራለሁ። ሰሌዳ ላይ ማንጎ ስሎ አርባ ልጅ አርባ አንድ ዓይነት ማንጎ ሲገለብጥ ማየት ማበልጸጊያ አይደለም። የልጁን እጅ ይዞ ማስተካከልም አይደለም። ያቺ ጥግ ጥግ ያላት የመጀመሪያዋ ጎማ የልጁ ናት። እኔ ቆርጬ ብሰጠው ባቡሩ ያምር ነበር፤ እሱ ግን ካርቶኑን ማዞር አያገኝም ነበር።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ የተጠየቅኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንድ አባት ተነስተው «ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ይሄ ነገር የስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ይወጣል?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የብዙዎች ነበር። ጎማ መቁረጥ አይወጣም አልኳቸው። ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይበልጣል ብዬም ቃል አልገባም። ግን ልጅዎ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ጥያቄው ሲከብደው ምን ያደርጋል? እርሳሱን ይጥላል ወይስ እንደገና ያነበዋል? እንደገና መሞከርን የሆነ ቦታ መልመድ አለበት። እኔ ያየሁት ቦታ ጎማው ላይ ነው።

አንዲት አያት «ልጄ፣ እኛ ቤት ቀለምም መቀስም የለም። ምን እናድርግለት?» አሉኝ። «እማማ፣ ማታ ማታ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ምስር እንለቅማለን፣ እንቆቅልህ እላቸዋለሁ» አሉ። ምስር መልቀም መለየት ነው፤ የጣትና የዓይን ሥራ ነው። እንቆቅልህ ደግሞ አንድን ነገር በሌላ ነገር መስሎ ማሰብ ነው። ልጁ ሳያውቀው ሲቀር «አገር ስጠኝ» ሲሉት አገር እየመረጠ ይሰጣል፤ ጂኦግራፊ ነው። እማማ፣ የሚያደርጉት ሁሉ ይበቃል፤ ብቻ እንዳይተዉት።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ወጣት እናት ናት። ስለ ልብስ ነው የጠየቀችው፤ ቀይ አፈሩ ከዩኒፎርም አይለቅም። እውነቷን ነው፤ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ የአባቱን ወይም የወንድሙን አሮጌ ሸሚዝ ይዞ ይምጣ፤ ከዩኒፎርሙ በላይ ወደ ኋላ አዙረን እናለብሰዋለን። እናንተም ኑ። ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሥራ ሰዓታችን ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ባቡሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እንደገባችሁ በስተግራ ታገኙታላችሁ። ደወል ስለተደወለ ሦስት ጎማ ብቻ ነው ያለው። አራተኛውን ሐሙስ ይቆርጣል።